ሄልካ ወደ ሜዳ የተመለሰችበት ቅዳሜ

የሄልካ ራውታላ እንጀራዋ በረዶ መጥረግ፣ ደስታዋ ደግሞ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው። ክረምቱ ከገባ እስኪወጣ ድረስ የማዘጋጃ ቤቱን ትልቁን በረዶ ጠራጊ መኪና እየነዳች የሃርቫላምፒን መንገዶች ትከፍታለች። ከሥራ ስትወጣ የመኪናውን ቁልፍ ትሰቅልና የሆኪ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በረዶ ሜዳው ታዘግማለች። የከተማው ሰዎች "ይቺ ሴት በጋ ሲመጣ ምን ይውጣታል?" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም "እናንተ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ትንኝ ስትቀልቡ እኔ እተኛለሁ" ትላቸዋለች።

ልጅ ሳለች በሃርቫላምፒ የሴቶች ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። ያደገችው ከወንዶቹ ጋር ስትጋፋ ነው። እነሱ ከዓመት ዓመት ጉልበት ሲጨምሩ እሷ ዓይን ጨመረች። ፓኳ፣ ያቺ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ ገና ዱላዋ ጋ ሳትደርስ ቀጥሎ ለማን እንደምታቀብል ታውቀው ነበር። ኋላ የከተማው ሴቶች "ጉጉቶች" ብለው የራሳቸውን ቡድን ሲያቋቁሙ፣ አምበሏ ማን ትሁን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በጉጉቶች ውስጥ ከሆኪ የምትበላ አንዲት ሴት የለችም። በረኛዋ ኔላ አስተማሪ ናት፤ ጎል በማግባት የምትታወቀው ቬንላ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ አሰልጣኙ ኬዮ ደግሞ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ኬዮ ከአፋቸው ቃል የሚወጣው እንደ ክፍለ ሀገር ባቡር ነው፤ አልፎ አልፎ፣ ከወጣ ግን ሰዓቱን ጠብቆ።

ባለፈው በጋ ሄልካ እኚህን ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዳ ማርገዟን ነገረቻቸው። ኬዮ የእንጨት ፍልጣቸውን ትተው መጥረቢያቸውን መሬት አስቀመጡ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ። "ታዲያ በቦታሽ ማን ይጫወታል?"

"ፈልጉዋ ሌላ።"

"ሌላ የለም" አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ። ከዚያ እንደገና አስቀመጡት። "ቢሆንም፣ ደስ ብሎኛል።"

ሕፃኗ በታኅሣሥ መጣች፤ ለመምጣትም የመረጠችው ሰማይና ምድሩ በበረዶ ውሽንፍር የተቀላቀለበትን ቀን ነበር። ሆስፒታሉ ያለው ጎረቤት ከተማ ኮርፒላ ነው፤ በደህናው ቀን እንኳ አንድ ሰዓት ያስነዳል። የሄልካ የሥራ ባልደረባ ኦስሞ ነገሩን ሲሰማ ጠራጊ መኪናውን አስነሥቶ ከፊት መንገድ እየከፈተ፣ ባሏ ቶፒ ከኋላ እየተከተለ ተጓዙ። ሄልካ ምጡ ለቀቅ ባደረጋት ቁጥር ከኋላ ወንበር ሆና የኦስሞን አነዳድ ትተች ነበር። "ምላጩን ዝቅ ያድርገው! በለው እንጂ ቶፒ፣ ግማሹን በረዶ እኮ ትቶት ነው የሚሄደው!" ቶፒ መሪውን ሙጥኝ ብሎ ይዞ "እሺ፣ እነግረዋለሁ" ይላል።

ሆስፒታል ደርሰው አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ አዋላጅ ገባች። ሁለቱም ሴቶች ተያይተው ደነገጡ። አዋላጇ ሬያ ነበረች፤ የኮርፒላ ቡድን ተከላካይ። ኮርፒላና ሃርቫላምፒ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ሬያ ደግሞ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሄልካን ከበረዶ ሜዳው አጥር ጋር ስታላትም የኖረች ሴት ናት።

"እንዴ!" አለች ሬያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ይኸን ሁሉ ዘመን ሳሳድድሽ ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ እግርሽ መጣሽልኝ?"

"ሌላ አዋላጅ የለም?" አለች ሄልካ ጥርሷን ነክሳ።

"አለች። እሷ ግን የኮርፒላ በረኛ ናት።"

ሄልካ መሳቅ ጀምራ ምጡ ቀደማት። ሬያ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተለየችም። ስትጮህ ታባብላታለች፤ ስትደክም "በርቺ፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ነሽ" ትላታለች፤ ሄልካ እጇን ጨምድዳ ብታደማትም ውልፊት አላለችም። እኩለ ቀን አካባቢ ሕፃኗ ወጣች። ሬያ አገላብጣ አየቻትና "ሴት ናት። አጥቂ ትሁን ተከላካይ ገና አልለየላትም" ብላ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። ኬርቱ አሏት።

የዚያን ጊዜ ሄልካን "ሆኪውስ?" ብሎ የጠየቃት ቢኖር የትኛው ሆኪ ትል ነበር። ኬርቱ ስትተኛ ትተኛለች፤ ስትነቃ ትነቃለች፤ ቶፒ የአተር ሾርባ ይሠራል፤ መስኮቱ ላይ በረዶው ይቆለላል፤ የሚጠርገውም ሌላ ሰው ነው። ጉጉቶች ግን በዚያው ሰሞን ቁልቁል ይንከባለሉ ጀመር። ቬንላ ብቻዋን ቀረች፤ የሚያቀብላት የለ፤ ፊት ለፊት ቆማ ዱላዋን በረዶው ላይ ስትደበድብ ጨዋታው ያልቃል። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት አራት ቡድኖች ሲሆኑ ጉጉቶች ስድስተኛ ሆኑ። ከዚያ ኔላ እንደ ግድግዳ ቆማ፣ ሌሎቹም ተጋግዘው በጥፍራቸው እየቧጠጡ ወደ አምስተኛ ወጡ። ከፊታቸው ያለችው ኮርፒላ ነበረች፤ የመጨረሻው ጨዋታም እዚያው ሃርቫላምፒ ከኮርፒላ ጋር ነው። ያሸነፈ ይገባል፤ የተሸነፈ ዱላውን ሰቅሎ ፀደይን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ኔላ መጣች። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች።

"ልለምንሽ አልመጣሁም" አለች።

"ጥሩ።"

"ኬርቱን ልይ ብዬ ነው።"

"ተኝታለች።"

"እንግዲያው ልለምንሽ።"

ሄልካ ሳቀች። "ኔላ፣ እኔ እኮ ደረጃ ስወጣ ያለከልከኛል።"

"ማን ሩጪ አለሽ? ቆመሽ አቀብይ። አንቺ ቆመሽ የምትሠሪውን እኛ ሮጠን አልቻልነውም።"

"አይሆንም" አለች ሄልካ፤ ከልቧም ነበር። ኔላ ስትሄድ ግን ቶፒ ከማድቤት ብቅ ብሎ "አንድ ነገር ልንገርሽ?" አላት። "ሰሞኑን ሾርባ ስሠራ ድንች ይጠፋኛል። ዛሬ ጠዋት አየሁሽ። ኬርቱን በአንድ እጅሽ አቅፈሽ፣ በሌላው መጥረጊያ ይዘሽ ድንቹን በወንበሩ እግር መሐል ስታሾልኪ።"

"እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው።"

"እጅሽ የረሳ አይመስልም። ሜዳ ግቢ እንጂ፤ እኔ ልጄን እይዛለሁ።"

ይህን ያለው ቶፒ በሃርቫላምፒ በበረዶ ጫማ መቆም የማይችል ብቸኛ ወንድ ነው። በዚህ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ተሹፎበት ስላለቀ አሁን አያፍርበትም። በማግስቱ ኦስሞ በትንሿ ትራክተር ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ሐይቅ ጠርጎ ሜዳ አበጀላቸው። ቶፒ ኬርቱን ጠቅልሎ የበረዶ ሸርተቴ ላይ አስቀምጦ፣ የሱፍ ቦቱን አጥልቆ ዳር ቆመ። ሄልካ ጫማዋን አጥብቃ ወጣች። ሁለት ጊዜ ገፋ እንዳደረገች ወገቧ አልታዘዝ አላት፤ እግሯ ወዲያና ወዲህ ሄደና አሁን እንደተወለደ ጥጃ ተዘረጋች።

"በጣም ያምራል!" ብሎ ጮኸ ቶፒ።

"ምኑ?"

"አወዳደቅሽ። እኔ እንኳ እንደዚህ አልችልበትም።"

እዚያው በጀርባዋ እንደተንጋለለች እስኪያማት ሳቀች። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በረዶውን ወርቅ አስመስላዋለች። ተነሥታ እንደገና ገፋች። በየቀኑ እንዲህ ሲሆን ሰነበተና፣ ገላዋ የድሮው ባይሆንም የራሷ መሆኑን እያወቀችው መጣች። ሐኪሟም ወገቧንና ሆዷን መርምራ ፈቀደችላት። "ሲያምሽ ግን አቁሚ" አለቻት።

"ሲያመኝ ካቆምኩማ ሆኪ አልተጫወትኩም።"

"ይህን አልሰማሁም" አለች ሐኪሟ ወደ በሩ እየሸኘቻት።

ያ ቅዳሜ በመጋቢት ነበር። ከቀትር በኋላ የሃርቫላምፒ ሰው ቋሊማውንና ትኩስ ቡናውን እየያዘ ወደ በረዶ ሜዳው አዳራሽ ነጐደ። ሄልካ ከመልበሻ ክፍል ስትወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከተቀመጠበት ተነሣ። እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያያት መሄጃ ይጠፋታል፤ አቀርቅራ አጥሩን ዘለለች። ሬያ መሐል ሜዳ ላይ ጠበቀቻት።

"ልጄስ እንዴት ናት?"

"ልጅሽ ሌሊት ሌሊት አንቺን ትመስላለች። ዓይኔን ስከድን ትደርስብኛለች።"

ጨዋታው ተጀመረ፤ ወዲያውም አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ሄልካ ተሰማት። እሷ ከአጥሩ ጥግ ፓክ ስትፈልግ ሬያ ትመጣለች፤ ትደርስና ግን ታቀዘቅዛለች። ትከሻዋን ትሰበስባለች። ዱላዋን ብቻ እንደ ምርኩዝ ዘርግታ ትቆማለች። እንዲያም ሆኖ ሄልካ አልሆነላትም። ስታቀብል ፓኳ አንድ እርምጃ ትዘገያለች፤ ኮርፒላዎች መሐል ገብተው ይነጥቋታል። እንዲህ በተነጠቀች አንዲት ፓክ ጎል አገቡ። አንድ ለዜሮ።

ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያው አልቆ ዕረፍት ሆነ። ቶፒ ኬርቱን ይዞ በጓሮ በር ገባ። ሄልካ ደረቷ ላይ ያለውን መከላከያ አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ማጥባት ጀመረች። ሌሎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ኬዮ ሊቈጡ ነበር የገቡት። በሩ ላይ ሲደርሱ ያዩትን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ንግግራቸውንም ለግድግዳው አደረጉት።

"ይኼ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው!" ብለው ጮኹ።

ኬርቱ ደንግጣ ጡቱን ለቀቀችና ማልቀስ ጀመረች። አሥራ አራት ሴቶች በአንድ ጊዜ "እሽሽሽ!" አሏቸው። ኬዮ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ከዚያ በኋላ ቁጣቸውን በሙሉ በሹክሹክታ ተቈጡት። "ተከላካዮች፣ ተኝታችኋል። ቬንላ፣ ቆመሽ አትጠብቂ። ኔላ፣ አንቺ ደህና ነሽ።" ኔላ በኋላ ስትናገር፣ ኬዮ ሲጮኹ ማንም አይሰማቸውም ነበር፣ ሲያንሾካሽኩ ግን ቃል አላመለጠንም ትላለች። ለሄልካ ምንም አላሏትም። ወጣ ሲሉ ብቻ፣ አሁንም ግድግዳውን እያዩ፣ "ሕፃኗ ጠገበች?" ብለው ጠየቁ።

"ጠግባለች።"

"አንቺስ?"

ሄልካ ጥያቄው ገባት። አልጠገበችም። እንደ ብርጭቆ ተይዛ ወደ ቤቷ መመለስ አልፈለገችም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንደ ተጀመረ፣ ዳኛው ፓኳን ሊጥል ሲያጎነብስ ሄልካ ወደ ሬያ ጠጋ አለች።

"ምን ሆነሻል ዛሬ?"

"ምን ሆንኩ?"

"እንደ እንቁላል ነው የያዝሽኝ።"

"በዚህ እጄ ነው እኮ የሰፋሁሽ!" አለች ሬያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ስፌቱ ድኗል። ተጫወቺ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ካልተጫወትሽ ጎል አገባብሻለሁ። ከዚያም ሬያ ሆን ብላ ለቃኝ ነው ብዬ በየመንደሩ አወራለሁ።"

ሬያ ዓይን ዓይኗን አየቻት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ቆይቶ ሄልካ አጥሩ ሥር ፓኳን ስታገኝ፣ ከኋላዋ የሚመጣውን የጫማ ድምፅ ሰማች፤ ይኸኛው ድምፅ አላቀዘቀዘም። ሬያ እንደ ባቡር መጥታ ከአጥሩ ጋር አጣበቀቻት። አጥሩ ተንቀጠቀጠ። ቶፒ ልጁን እንዳቀፈ ብድግ አለ። ሄልካ በጀርባዋ ተንጋላ የጣሪያውን መብራቶች አየች፤ ከዚያ መሐል የሬያ ፊት ብቅ አለ።

"ምን ይሰማሻል?" ጥያቄው የተከላካይ አልነበረም፤ የአዋላጅ ነበር።

"ሰው መሆኔ ይሰማኛል" አለች ሄልካ፤ ሳቋንም መያዝ አልቻለችም።

የዳኛው እጅ ወደ ላይ ተነሥቷል። ሬያ ለሁለት ደቂቃ ከጨዋታ ወጥታ ወደ ቅጣት ሳጥን ስትሄድ ምንም አልተከራከረችም። የሃርቫላምፒ ሕዝብ ሲያላግጥባት፣ ሄልካ ግን ተነሥታ ጫማዋን መታ መታ አደረገች። አራስ ነብር ይሏት የለ? ያን ጊዜ የሆነችው እሱን ነው። ኮርፒላ በአንድ ሰው ጎድሎ ሲከላከል ፓኳን ይዛ ከጎሉ ጀርባ ዞረች። እዚያ ቆመች። ኔላ እንዳለችው፣ አልሮጠችም። ሁለት ተከላካዮች ወደ እሷ እስኪመጡ ጠበቀችና፣ ገና ቦታው ላይ ላልደረሰችው ለቬንላ በባዶው ላይ ላከችላት። ቬንላ ደረሰች። መታች። አንድ ለአንድ።

ቬንላ ዘላ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም "የት ነበርሽ እስከ ዛሬ!" ትል ነበር።

"ዳይፐር ስለውጥ" አለች ሄልካ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን እግሯ ከዳት። ጭኗ እሳት ሆነ፤ ትንፋሿ አጠረ፤ ኬዮም ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ሌሎቹ ሲጋጋጡ፣ ኔላ ስትወድቅ ስትነሣ እየከለከለች ቆዩ። ሄልካ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። "ልግባ?" ኬዮ "ቆይ" አሉ። ጥቂት ቆይታ "አሁንስ?" "ቆይ አልኩሽ። ባቡር የሚነሣው በሰዓቱ ነው።" ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኬዮ ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

አጥሩን ዘለለች። ኔላ ፊት ከተፈጠረው ትርምስ መሐል ፓኳ ሾልካ ወጣች፤ ቬንላ ወደ ፊት ገፋቻት፤ ሄልካ ተቀበለች። ከፊቷ ያለችው ሬያ ብቻ ነች። ከጎን ቬንላ እየበረረች ነው። ሬያ ሄልካን ዐሥር ዓመት አጥንታታለች። ሄልካ ራሷ እንደማትመታ፣ እንደምታቀብል ታውቃለች። ስለዚህ ዱላዋን ዘርግታ የማቀበያውን መንገድ ዘጋች። ሄልካ ይህን አየች። በሕይወቷ አምሮ የወጣላት ምት የለም፤ ወንዶቹም በልጅነቷ "የአያት ምት" ይሉት ነበር። ያንን የአያት ምቷን መታች። ፓኳ እየተንከባለለች፣ እየተገለባበጠች፣ ለመቆም እያሰበች ሄደች። የኮርፒላዋ በረኛ፣ ያቺ ሁለተኛዋ አዋላጅ፣ ፈጣን ምት ጠብቃ ቀድማ ተንበረከከች። ፓኳ በእግሮቿ መሐል አልፋ መስመሩን ተሻገረች።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ኬርቱ ግን በአባቷ ደረት ላይ እንደተኛች አልነቃችም። ቶፒ ምን እንደተደረገ በቅጡ ሳይገባው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ኦስሞን "አሸነፍን? አሸነፍን አይደል?" እያለ ይጠይቃል። ኦስሞ ግን እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር።

ጨዋታው አብቅቶ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሲጨባበጡ ሬያ የሄልካን እጅ አጥብቃ ያዘች።

"እንደዚህ ያለ አስቀያሚ ምት አይቼ አላውቅም።"

"ገባ ግን።"

"ገባ" አለች ሬያ። ተናዳለች፤ መናደዷንም አልደበቀችም። ሆኖም ልብሷን ቀይራ ስትወጣ ቶፒ ቆሞ ሲጠብቅ አገኘችውና ሕፃኗን ከእጁ ተቀበለች። ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነቻት። "ጨምራለች። ጎበዝ" አለች፤ ማንኛቸውን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ጉጉቶች እንዲህ ሆነው ጥሎ ማለፍ ገቡ። የመጀመሪያውን ቡድን፣ ሁሉም ይበልጣቸዋል ያለውን፣ ጣሉ። በፍጻሜው ከደቡብ የመጣ፣ ተጫዋቾቹ ወጣትና ፈጣን የሆኑ ቡድን ገጠማቸውና ተሸነፉ፤ መሸነፋቸውም የሚያሻማ አልነበረም። ኬዮ በመጨረሻ ላይ "ተጫውታችኋል" ብለው ብቻ ወጡ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ከደቡብ ሲመለሱ ሚያዝያ ገብቶ ነበር። ፀሐይ አልጠልቅ ብላ መንገዱ ዳር ያለውን ውሃ ታበራዋለች። አውቶቡሱ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመላቸውና ሁሉም ወርደው የሥጋ ጥቅል በሰናፍጭ እየገመጡ ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። ሄልካ ጉልበቷ አብጧል፤ ኬርቱ ጭኗ ላይ ሆና የእናቷን የጃኬት ገመድ ታላምጣለች። ኔላ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"የሚቀጥለው ዓመትስ?" አለቻት።

ሄልካ የሥጋ ጥቅሏን ጨርሳ ጣቷን ላሰች። "ሐይቁ እኮ እየቀለጠ ነው ኔላ። እስቲ መጀመሪያ እንዋኝ።"

ኔላ መልሱን ወደደችው። ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐዩን ሞቁ።